ደረጃ ላይ አይወራም

ሰፈሩ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሰው ሁሉ እሱ «ሊፍቱ» ነው። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣለት ግን ሕፃን ልጅም ያውቃል። የሰፈሩ ረጃጅም ሕንጻዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሊፍት አላቸው፣ አንዱም ግን አይንቀሳቀስም። ሰው ገብቶባቸው ዓመት ሳይሞላ ነው ጸጥ ያሉት። በራቸው ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፣ ደበዘዘ፣ ተቀደደ፤ ሌላ ተለጠፈ፣ ያም ተቀደደ። ኋላ ላይ መለጠፉም ሰለቸና ቀረ። የእሱ ሕንጻ ሊፍት ውስጥ አሁን ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያና ባልዲዋን ታስቀምጥበታለች።

ሊፍት ሞተ ተብሎ ግን ሰው ቤት መቀየር አይተውም። አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ ቁምሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ የአልጋ ራስጌ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል። ይህን ሁሉ በጀርባው የሚያመላልሰው እሱ ነው። ሥራው ጫኝና አውራጅ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ጠዋት ጠዋት ሕንጻው ሥር ካለው የግንብ አጥር ላይ ተቀምጦ የሚጠራውን ይጠብቃል። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እነዚያ ሰዎች ጉሮሯቸውን የሚደፍኑት በሞተው ሊፍት ነበር።

የጫኝና አውራጆቹ ኃላፊ ሁሉም «አለቃ» የሚሉት፣ ወገቡ የጎበጠ አሮጌ ሰው ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ሥራውን የሚያስተምረው እሱ ነው። ገመዱ ደረት ላይ እንዴት እንደሚያልፍ፣ የታጠፈው ጆንያ ትከሻ ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ ማጠፊያው ጋ ሲደረስ የፊተኛው ሰው እንዴት እንደሚዞር ያሳያል። ከሁሉም በላይ ግን የማይታለፍ አንድ ሕግ አለው፦ ደረጃ ላይ አይወራም። ሸክም ተሸክሞ የሚያወራ ሰው ትንፋሹ ይሰረቃል፤ ትንፋሹ የተሰረቀ ሰው እግሩ ይስታል፤ እግሩ ከሳተ ደግሞ ፍሪጁ የሚያርፈው ከኋላው ባለው ሰው ላይ ነው። የሚወራው ማረፊያው ላይ ነው። እዚያ ሸክምህን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለህ፣ ላብህን ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ብትሳደብም ብትቀልድም መብትህ ነው። ሊፍቱ ይህ ሕግ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጣሳ ውሃ ይዞ ሲወጣ እንኳ ጠርተውት አይመልስም።

ከሚስቱ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ያኔ እሷ በሰፈሩ ሕፃናት ማቆያ የምትሠራ ወጣት ነበረች፣ እናቷን ይዛ ሰባተኛ ፎቅ ልትገባ መጣች። እሱ የእናትየውን አልጋ ተሸክሞ ይወጣል፣ እሷ የአልጋውን እግር ይዛ ከኋላው ትከተላለች፣ ምላሷ ደግሞ ጤፍ ይቆላል። ስለ ድሮው ቤት አከራይ አወራችው፣ ስለ እናቷ ኩርፊያ አወራችው፣ ጠይቋት ስለቀረ አንድ ልጅ ሳይቀር አወራችው። እሱ ዝም። ለማረፍ ሲቆም ደግሞ የሚናገረው ጠፍቶት ይሽኮረመማል። ሰባተኛ ፎቅ ደርሰው አልጋውን ካስቀመጠ በኋላ ገና «ወደ መስኮቱ ይጠጋ?» ብሎ ሲጠይቅ ልጅቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። «ደንቆሮ መስለኸኝ እኮ ነው የሆዴን የዘረገፍኩልህ» ትለው ነበር ኋላ። «አንዴ ሁሉን ካወቅህ ምን አደርጋለሁ፣ አገባሁህ።»

ተጋቡ፣ እዚያው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ኖሩ፣ እናቲቱ አረፈች፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ አደገች፣ ተማረች፣ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ሊፍቱ «ልጄ መድኃኒት ቤት ናት» ሲል ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

ከዚያ ሚስቲቱ ታመመች። ኩላሊቷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ፣ አንድ ማሽን ሥር ግማሽ ቀን ተኝታ ደሟን መታጠብ አለባት ተባለ። ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም። ሩቁ ደረጃው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ክንዱን ይዛ እየቆመች ትወርድ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን እግሯ እያበጠ፣ ትንፋሿ እያጠረ እምቢ አላት። ሊፍቱ አንድ ቀን ጠዋት ጀርባውን ሰጥቷት ቁጢጥ አለና «ውጪ» አላት።

«አብደሃል? እኔ ቁምሳጥን ነኝ?»

«ቁምሳጥን ብትሆኚማ ይቀለኝ ነበር፤ ቁምሳጥን አይነዘንዝም።»

እየሳቀች አንገቱን አቀፈችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት አዝሏት ይወርዳል፣ ከሰዓት አዝሏት ይወጣል። አለቃ «አንተ ልጅ፣ ተራ እንግባልህ፣ እኛ ምን ሠራን?» ብሎት ነበር። ሊፍቱ አሻፈረኝ አለ። ሚስቴን ሌላ ሰው አያዝላትም፣ በቃ። ወደ ታች ፎቅ እንዳይወርዱ ታችኛው ሁሉ ሱቅ ነው፣ ከሱቁ በላይ ያለው ቤት ኪራይም የሚቀመስ አይደለም። የአካባቢው ምክር ቤት ተወካይ ዘንድ ሄዶ ስለ ሕንጻው ሊፍት አቤት ብሎ ነበር። ተወካዩ፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰው ትከሻ ላይ እጁን የማሳረፍ ልማድ ያለው ሰው፣ «በዕቅድ ተይዟል» አለው። ሁለተኛ ሲሄድም «በዕቅድ ተይዟል» አለው። ሦስተኛ ሲሄድ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ።

ደረጃው ላይ ታዲያ እሷ ታወራለች፣ እሱ ዝም ይላል። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ጆሮው ሥር ሆና ማቆያው ውስጥ የነበሩትን ሕፃናት ነገር፣ የጎረቤቱን ነገር፣ ድሮ የተጣሉበትን ነገር ታነሳለታለች። ማረፊያው ላይ ሲደርሱ የተጠራቀመውን መልስ ይሰጣታል። ሰው ያዘነላቸው ነበር፤ እነሱ ግን ሰው እንደሚያስበው አልነበሩም። እንዲያውም ያን ያህል አውርተው አያውቁም።

ጉልበቱ ግን ከዳው። ቀን ቁምሳጥን ተሸክሞ፣ ከሰዓት እሷን ተሸክሞ፣ ግራ ጉልበቱ አበጠ። ለማንም አልተናገረም፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ማድረግ ጀመረ። ጀርባው ላይ ያለች ሴት ግን እንዴት ይደበቃታል? እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። ማረፊያው ላይ «ጉልበትህ ምን ሆኗል?» ትለዋለች። «ምን ይሆናል?» ይላታል። አንድ ቀን የወጥ ቤት ቁምሳጥን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተንበረከከ፣ አለቃ ከኋላ ባይደግፈው ተያይዘው ነበር የሚወርዱት። ይህንንም ደበቃት። ሰፈሩ ግን ምስጢር አይችልም፣ ነገሯት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት፣ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ሲወጡ፣ እንደ ቀልድ ጣል አደረገችው። «ሐኪሙ እኮ ዛሬ ደስ ብሎታል። ከእንግዲህ በሳምንት ሁለቴ ይበቃሻል አለኝ።»

እሱ እግሩ ደረጃ ላይ ነው፣ ትንፋሹ ደረቱ ውስጥ ነው። ልቡ ዘለለ፣ አፉ ግን አልተከፈተም። ማረፊያው ላይ ደርሶ ሲያስደግፋት፣ እሷ ጫማውን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ራሱ በባዶ እግሩ ቤቱ የሄደ የማቆያ ልጅ ታሪክ መሐል ነበረች። ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳይጠይቃት ቀረ። ደስም ብሎት ነበር፣ ይህን እሱም አይክድም፤ ተሽሏታል ብሎ ደስ አለው፣ ጉልበቱ ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ደስ አለው።

ሁለቴ ሆነ። ሦስተኛው ቀን እሷ ቤት ትውላለች፣ እሱ ሥራ ይውላል። ቀስ በቀስ ፊቷ ዐመድ መሰለ፣ ምግብ አስጠላት። «የወቅቱ አየር ነው» ትላለች። አንድ ጠዋት ሊያዝላት ቁጢጥ ቢል እጆቿ አንገቱ ላይ አልመጡም። ዞሮ ሲያያት እስትንፋሷ የለም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ሊፍቱ ስታስታምማት የነበረችውን ነርስ ሊያመሰግን ሆስፒታል ሄደ። ነርሷ ደግ ሴት ናት፣ እጁን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ምነው ግን ሦስተኛውን ቀን አስቀራችኋት?» አለችው።

«ሐኪሙ ሁለቴ ይበቃሻል ብሏት የለም?»

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። «የትኛው ሐኪም? ሐኪሙማ ሦስቴም አይበቃትም ነበር የሚለው። ስንደውልላት "ባለቤቴ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ነገ እመጣለሁ" ትለን ነበር።»

ሊፍቱ እንዴት ከሆስፒታሉ እንደወጣ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ደረጃውን ነው። አምስተኛውን ፎቅ አልፎ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ገባው። ቤት ውስጥ ብትነግረው ይጠይቃታል፤ ሆስፒታል በር ላይ ብትነግረው ተመልሶ ሐኪሙን ያናግራል። እሷ ደረጃውን መረጠች። እሱ አፉን የማይከፍትበትን ቦታ በዓለም ላይ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የስድስተኛ ፎቅ ሴትዮ ዘንቢል ይዛ ስትወርድ ታካው አለፈች፤ ምን ትበለው?

የምክር ቤቱ ምርጫ የተቃረበበት ሰሞን ነበር። ሊፍቱ ሄዶ ለተወካይነት ተመዘገበ።

ሰፈሩ አፉን ያዘ። አንዱ ወንበር አማረው አለ፣ ሌላው ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶ ነው አለ። «ሊፍቱን ብንመርጠው ይነሳል ወይስ እንደ ሌላው ይቆማል?» እያሉ ቀለዱበት። እሱ ማንንም አልሰማም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያ የመጥረጊያ ማስቀመጫ የሆነው ሳጥን እንዲንቀሳቀስ፣ ከእንግዲህ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ማንም ሰው ለሌላው ጉልበት ብሎ እንዳይሞት። ለምን እንደሆነ ግን ለአንድም ሰው አልተናገረም። ስለ ነርሷ ለልጁም አልነገራትም፤ እናትሽ በእኔ ምክንያት ሞተች ብሎ እንዴት ይንገራት?

ልጅቱ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ አልጣማትም። ንግግር ጻፊልኝ ሲላት ጻፈችለት፣ ግን ወረቀቱን ስትሰጠው «አባዬ፣ ይቅርብህ» አለችው።

«አሳፈርኩሽ?»

«አላሳፈርከኝም። ይቅርብህ ብቻ።»

አፍራብኝ ነው ብሎ ደመደመ፣ ሆዱ ባሰው፣ ግን አልተወም።

ጓደኞቹማ ጠመዱት። ግንቡ ላይ ሊቀመጥ ሲመጣ ወሬ ያቆማሉ። የምርጫው ስብሰባ በሰፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተጠራ፣ ሰው ግጥም ብሎ ሞላ። ተወካዩ መጀመሪያ ተናገረ፤ መንገድ፣ ውሃ፣ ወጣቶች፣ እንደገና መንገድ። ተጨበጨበለት። ሊፍቱ ተነሳ፣ ለሠርጉ ያሰፋውን ኮት ለብሷል፣ ትከሻው ላይ አልገባ ብሎታል። ወረቀቱን ዘርግቶ «የነዋሪውን ፍትሐዊ ተጠቃሚነት ለማረጋገጥ» ብሎ ጀመረና «ተጠቃሚነት» ላይ ሁለቴ ተደናቀፈ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ያኔ አለቃ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀቱን ተወውና መልስልኝ» አለ። «ዕድሜህን የበላኸው በዚህ ደረጃ ነው። እኔም፣ እነዚህም ልጆች። ዛሬ ተነስተህ ሊፍት ይሠራ ስትል ጉሮሯችንን ልትዘጋ ነው። ምን አደረግንህ? ምን ነክቶህ ነው?»

ሊፍቱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ምንም አላደረጋችሁኝም፣ አለቃ» አለ። «እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የምናገረው። ደረጃ ላይ አይወራም ብለውኛል፣ አላወራሁም። ሚስቴ ጉልበቴ አሳዘናት። በሳምንት ሦስቴ ሐኪም ቤት መሄድ ሲገባት ሁለቴ ይበቃሻል ተባልኩ ብላ ዋሸችኝ። የዋሸችኝ ደረጃ ላይ ነው፣ እንደማልጠይቃት ታውቃለች። እኔም አልጠየቅኳትም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስለ መንገድ አላውቅም፣ ስለ ውሃ አላውቅም። ሊፍቱ ቢሠራ ኖሮ እሷ ትኖር ነበር። ይኸው ነው።»

ተመልሶ ተቀመጠ። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ፣ ወንዶቹ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። ተወካዩ ራሱ መሐረብ አወጣ፣ ከዚያም ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳና «የሊፍቱ ጉዳይ በዕቅድ ተይዟል» አለ። ልጅቱ ከሦስተኛው ረድፍ ላይ ደርቃ ቀርታ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ደረጃውን አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ወጡት።

ተሸነፈ። በትንሹም አይደለም። ላይኛው ፎቅ የሚኖረው አብዛኛው ተከራይ ነው፣ ለምርጫ የተመዘገበው ሌላ ሰፈር ነው፤ ታች ያለው ደግሞ ሊፍት ምን ያደርግለታል? ባለ ሱቆቹ የመኪና ማቆሚያ የሚያሰፋላቸውን ተወካዩን መረጡ። አዳራሹ ውስጥ ያለቀሱት ሰዎች ውሸታቸውን አልነበረም ያለቀሱት፤ ከልባቸው አለቀሱ፣ ከዚያ ሄደው ሌላውን መረጡ። እኔ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ልረዳው አልቻልኩም፣ የሚያስረዳኝ ካለ ይምጣ።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት አለቃ ግንቡ ሥር ጠብቆት «እኔ መርጬሃለሁ» አለው።

«እንዴት? ሊፍት ቢመጣ ምን ሊበሉ?»

«እኔ እንጃ። እኔም ሚስት አለችኝ» አለና ወገቡን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ሊፍቱ ሥራ አልወጣም። ልጁም ፈቃድ ጠይቃ ቤት ቀረች። ረፋዱ ላይ ሻይ አፍልታ አቀረበችለት፣ ለራሷም ቀዳች፣ ግን ቆማ ቀረች።

«ተወው አባዬ» አለችው። «የሰውን ነገር ተወው።»

«መሸነፌ አይደለም ያንገበገበኝ» አላት። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማረፊያው ላይ "እውነትሽን ነው?" ብያት ቢሆን።»

«ብትጠይቃትም ትዋሽህ ነበር።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ አባዬ» አለች። «ሁለቴ እንደማይበቃት እኔ አላውቅም? ገና ሳምንት ሳይሞላት ነው ስትዋሽ የያዝኳት። "ለአባትሽ ትነግሪና አልወለድኩሽም" አለችኝ።»

ሊፍቱ ከመቀመጫው ተነሳ። ለምን ይቅርብህ እንዳለችው፣ አዳራሹ ውስጥ ለምን እንደደረቀች አሁን ገባው። እየገባው በሄደ ቁጥር ደሙ እየፈላ መጣ።

«እኔ አባትሽ አይደለሁም? አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እሸከማታለሁዋ! ሦስቴ አይደለም፣ በየቀኑ እሸከማት ነበር።»

«በዚያ ጉልበትህ?»

«በዚያ ጉልበቴ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሁለታችሁንም አጣችኋለሁ ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩህ። እሷ ስላስማለችኝ አይደለም።»

ሊጮኽባት አፉን ከፈተና ተወው። እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ አጠገቧ ቆመ፣ ክንዷን ያዛት። ልጅቱ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።